የሰሊጥ አገዳና የባሕር ዛፍ ከሰል ለብረት ፋብሪካ እንሽጥ ወይስ ይቅርብን?

የአዘዞ ልጅ፦ ሰላም ጎንደሮች። የዛሬው ክርክር ይሄ ነው። የውጭ ብረት ፋብሪካዎች ለማቅለጫቸው ኮክ (የድንጋይ ከሰል አየር በሌለበት ተጋግሮ የሚወጣ ጠንካራ ማገዶ) ሲያዘጋጁ ከድንጋይ ከሰሉ ትንሽ ቀንሰው ከእንጨት ወይም ከሰብል ተረፈ ምርት የተሠራ ከሰል መቀላቀል እየሞከሩ ነው፤ ዓላማው የካርቦን ልቀትን መቀነስ ነው። ታዲያ እኛስ የመተማን የሰሊጥ አገዳና የሰፈራችንን ባሕር ዛፍ አክስለን ለምን አናቀርብም? እኔ እናቅርብ ባይ ነኝ። አገዳው እኮ እዚያው ማሳ ላይ ነው የሚቃጠለው፣ ወጣቱ ደግሞ ሥራ አጥቶ ተቀምጧል።

ደምቢያ፦ ደግፌያለሁ። እምቦጩንም ጨምሩበት። ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ ነቅሎ ነቅሎ ጣና ዳር ይከምረዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚፈልገው የለም።

ብረት ሠራተኛው፦ ቆይ ቆይ፣ ወንድሞቼ። እንጀራዬ ብረት ማቅለጥ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ኮክ ሙቀት ብቻ አይደለም የሚሰጠው። ከማዕድኑ ላይ ኦክስጅኑን የሚነጥቀውም እሱ ነው፣ ከላይ የሚጫነውን ክምር ተሸክሞ ጋዙ በመሃል እንዲያልፍ የሚያደርገውም እሱ ነው። ሙቀቱንና ኦክስጅኑን የእንጨት ከሰልም ይወጣዋል። ሸክሙን ግን አይችልም። ቅዳሜ ገበያ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ገዝታችሁ ቤት ስታራግፉት ከሥሩ የምታገኙት ድቃቂ ነው አይደል? ያ ከሰል የተጫነበት መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ብቻ ነው እንደዚያ የሆነው። የትልቅ ማቅለጫ ክብደት ሲያርፍበት ምን ሊሆን ነው?

የአዘዞ ልጅ፦ እሱማ ለብቻው ሲሆን ነው። እኛ የምንለው ከድንጋይ ከሰሉ ጋር ተቀላቅሎ አብሮ ይጋገር ነው።

ብረት ሠራተኛው፦ ገባኝ፣ ስለ እሱም ልንገርህ። ለኮክ የሚሆን የድንጋይ ከሰል ከ400 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይለሰልስና እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ከዚያ አየር በሌለበት እስከ 1,000 ዲግሪ ገደማ ሲጋገር ይጠነክራል። የእንጨት ከሰል አይለሰልስም። ስለዚህ እሱን ማብዛት ሲሚንቶውን ሳይጨምሩ አሸዋ እንደማብዛት ነው። 5 በመቶ አካባቢ በጥንቃቄ ይሄዳል። ወደ 10 በመቶ ስትጠጋ ግን ጥንካሬው መውረድ ይጀምራል። ሌላው ጣጣ አመዱ ነው። በአመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየምና ካልሲየም ኮኩ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ቶሎ እንዲበላ ያደርጋል። ፖታሲየሙ ደግሞ ታች ተንኖ ላይ እየተመለሰ ማቅለጫው ውስጥ ይዞራል፣ የውስጥ ግድግዳውን ጡብ ሳይቀር ያበላሻል። ፎስፈረሱ ከነጭራሹ ብረቱ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር ብረቱ ተሰባሪ ይሆናል። ደምቢያ፣ ወንድሜ፣ እምቦጭ ፖታሲየምና ክሎሪን የሚበዛበት አረም ነው። ለኮክ አይሆንም። ለሌላ ነገር እናስበው።

ጭልጋ፦ የኛ የድንጋይ ከሰልስ?

ብረት ሠራተኛው፦ የጭልጋው ሊግናይት ነው፣ ማለትም ዝቅተኛ ደረጃ ያለው የድንጋይ ከሰል፤ ሲሞቅ አይለሰልስም። ለማንደጃ እንጂ ለኮክ አይሆንም።

የወለቃዋ፦ እኔ እቃወማለሁ። የኛ ሰፈር ቀጥቃጮች ብረት ያቀለጡት በእንጨት ከሰል ነበር፣ ያኔ ግን የሚሠሩት ማረሻና ማጭድ ነው፣ ጫካው ይችላቸዋል። እንግሊዞች እኮ እነ አብርሃም ዳርቢ በ1709 በፈረንጆቹ በኮክ ማቅለጥ ሲጀምሩ አንዱ ምክንያት እንጨቱ ስለተወደደባቸው ነው። አሁን ዓለም በዓመት ከ1.8 ቢሊዮን ቶን በላይ ብረት ያመርታል። ለዚህ ከሚያስፈልገው የድንጋይ ከሰል በእንጨት ከሰል የሚተካው 5 በመቶም ይሁን 2፣ በር አንዴ ከተከፈተ ገዢው የሰሊጥ አገዳ ይሁን የወይራ ግንድ አይጠይቅም። የከሰል ዋጋ አሁንም አልተቻለም። ሽሮ የምታበስል እናት ከብረት ፋብሪካ ጋር ተጫርታ ልትገዛ ነው?

የአዘዞ ልጅ፦ እህቴ፣ ብራዚልስ? በባሕር ዛፍ ከሰል ብቻ ብረት የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች አሏቸው እኮ።

ብረት ሠራተኛው፦ እውነት ነው። ግን ማቅለጫዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ከሰሉ ትልቁን ስለማይሸከም። ባሕር ዛፉም ለዚሁ ተብሎ በሰፊው የተተከለ ነው፤ ያም ሆኖ ከተፈጥሮ ደን ብዙ ከሰል ወጥቶባቸዋል። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። በአፈር ሸፍነን በምናከስለው መንገድ ከ100 ኪሎ እንጨት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ብናገኝ ነው። የቀረው በጭስ ይሄዳል፣ ጭሱ ውስጥ ሚቴን የሚባል አየሩን የሚያሞቅ ጋዝ አለ። እንደዚህ የተከሰለ ከሰል የማንንም ልቀት አይቀንስም። እኔን ከጠየቃችሁ እንጨት አይነካ። አገዳው በዘመናዊ ማክሰያ ይሞከር፣ ያውም ለአፈሩ የሚቀረው ተቀንሶ። አመዱ ከተስማማ ደግሞ ኮክ ውስጥ ከማስገባት ይልቅ ተፈጭቶ በአየር ማስገቢያው በኩል ቢነፋ ይሻላል፣ እዚያ ጥንካሬ አይጠየቅም።

የአዘዞ ልጅ፦ ባሕር ዛፉን በተመለከተ አሁንም አልተስማማንም። ገበሬው የተከለው የራሱ ነው፣ ተቆርጦም ያቆጠቁጣል። አገዳው ላይ ግን ሐሳብህን ወስጃለሁ። ከመተማ አንድ ጆንያ አስመጥቼ አክስለዋለሁ፣ አመዱን የሚመረምር ላብራቶሪ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።

የወለቃዋ፦ አስመርምር፣ አልቃወምም። ውጤቱን ግን ፖታሲየሙንም ፎስፈረሱንም ሳትደብቅ እዚሁ አምጣልን።