ካሽ ማሽን ልለምድ ነው፣ ከምን ልጀምር? (ደብረ ማርቆስ)

የቢቸናዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የቢቸና ልጅ ነኝ። አካውንቲንግ ተምሬ አሁን ደብረ ማርቆስ አንድ ምግብ ቤት ካሸር ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ሰኞ ለብቻዬ እቀመጣለሁ። ቤቱ ዋናው መንገድ ዳር ነው። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር አውቶቡሶች ለምሳ ሲቆሙ ሰው ባንዴ ይሞላል። ሂሳብ የሚጠይቀው፣ መልስ የሚጠብቀው፣ ደረሰኝ በመሥሪያ ቤቴ ስም ይሁንልኝ የሚለው፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚመጣው።

ዴቢት ክሬዲት አይቸግረኝም። ማሽኑን ግን ክፍል ውስጥ አላየነውም። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ቸኩላ አሳይታኝ ሄደች። ኤክስ ሪፖርት አለችኝ፣ ዜድ ሪፖርት አለችኝ፣ ልዩነቱ አልገባኝም። በስህተት የተመታ ነገርስ እንዴት ይሰረዛል? ሥራውን አጥርቼ መሥራት ነው የምፈልገው። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ካሸሯ ከፍኖተ ሰላም፦

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። እኔም ካሸር ነኝ፤ ብዙ ልጆች አስለምጃለሁ። ለሁሉም የምነግራቸው አንድ ነው። ፍጥነቱን ለጊዜው ተዪው፣ ጣት በራሱ ይለምዳል። መጀመሪያ የማይመለሰውን ቁልፍ ለዪ።

ማሽኑ ውስጥ ፊስካል ሜሞሪ አለ። እዚያ የገባ ሽያጭ አይፋቅም። በሲም ካርዱ በኩልም ወደ ገቢዎች ይላካል። ስለዚህ ወሳኙ ደረሰኙ ተዘግቶ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ሽሮው ሁለት ጊዜ ቢመታ በቮይድ፣ በመሰረዣው ቁልፍ፣ ታነሺዋለሽ። ከወጣ በኋላ ግን ማረሚያው ተመላሽ (ሪፈንድ) ነው። የመጀመሪያውን ደረሰኝ ከደንበኛው ተቀብለሽ ታያይዣለሽ፣ ኃላፊው አይቶ ይፈርማል። ይህን ለብቻሽ አትወስኚ። ሂሳቡን ከመዝጋትሽ በፊት የታዘዘውን ለአስተናጋጁ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ወረፋው ቢረዝምም አንብቢለት።

ያ የመሥሪያ ቤት ስም የሚፈልገው ሰውም እዚሁ ላይ ነው። የገዢው ቲን ቁጥር የሚገባው ሽያጩ ሳይጀመር ነው። ከወጣ ደረሰኝ ላይ በኋላ አይጨመርም። መስክ የሚወጡ ሰዎች ሂሳብ የሚያወራርዱት በዚያ ደረሰኝ ስለሆነ ቀድመሽ ጠይቂያቸው።

ኤክስ ማየት ብቻ ነው። እስካሁን ስንት ተሸጠ ሲባል ታወጪዋለሽ፣ ቀኑ አይዘጋም። ተረኛ ስትቀያየሩ በኤክስ ተረካከቡ። ዜድ ግን ቀኑን ይዘጋል። ድምሩ ሜሞሪ ውስጥ ይገባል፣ የቀኑ ሽያጭ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በየቀኑ ማታ፣ የመጨረሻው ደንበኛ ከከፈለ በኋላ ታወጪዋለሽ። ምሳ ሰዓት ላይ "እስኪ ልየው" ተብሎ ዜድ አይነካም!

ማታ የዜዱ ድምርና የመሳቢያው ብር እኩል ካልሆነ አትደንግጪ። በቴሌብርና በባንክ የተከፈለው ሽያጩ ላይ አለ፣ መሳቢያ ውስጥ የለም። ጠዋት ለመልስ የተረከብሽው ዝርዝር ብር ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ሽያጩ ላይ የለም። ከዜዱ ላይ የቴሌብሩንና የባንኩን ቀንሺ፣ የጠዋቱን ዝርዝር ደምሪ። መሳቢያው ውስጥ መገኘት ያለበት ያ ነው። ደብተር ይኑርሽ፤ ቴሌብሩን እንደተከፈለ ወዲያው ጻፊ። ስክሪንሾት ስላሳዩሽ ብቻ አትቀበዪ። መልእክቱ የቤቱ ስልክ ላይ ሲገባ ነው ተከፈለ የሚባለው።

የዳንግላ ልጅ፦

ወረቀቱ በሙቀት ነው የሚጻፍበት። ተገልብጦ ከገባ ባዶ ይወጣል። በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊው፣ የሚጠቁረው ፊት ነው ትክክለኛው። ዜዶቹን መስኮት ዳር አታስቀምጪ፣ ፀሐይ ጽሑፉን ያጠፋዋል። ሰዓቱና ቀኑም በፈረንጅ ነው። ማታ 1፡40 ላይ 19፡40 ቢልሽ አልተበላሸም።

ሂሳብ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር፦

የሜኑው ዋጋ ቫት ያካተተ ነው ወይስ ያላካተተ? ባለቤቱን ከሰኞ በፊት ጠይቂ። ደንበኛ የሚጨቃጨቀው በዚህ ነው። 230 ብር ቫትን ጨምሮ ከሆነ፣ ቫቱ የ230 15 በመቶ፣ ማለትም 34.50 አይደለም። 230ን ለ1.15 አካፍዪው፣ 200 ይመጣል። ቫቱ 30 ብር ነው። ደረሰኙ ላይ እነዚህ ሁለቱ ተለይተው ይታያሉ፤ ጣትሽን አድርገሽ አሳዪያቸው።

የቢቸናዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ! የቴሌብሩ ነገር ለብቻው ትልቅ ነው፣ ማንም አልነገረኝም ነበር። አንድ ልጨምር፦ መብራት ሲጠፋስ? እዚህ በየጊዜው ይጠፋል። ደግሞ እሑድ ምግብ ቤቱ ጭር ሲል ማሽኑ ላይ ብለማመድ ይሻላል?

ካሸሯ ከፍኖተ ሰላም፦

ባትሪ አለው። መብራት ባለ ጊዜ ሁሉ ቻርጅ ላይ ይሁን። ባትሪውም ካለቀ ያለ ደረሰኝ አትሽጪ። ለኃላፊሽ ወዲያው ንገሪ፤ የተፈቀደ የእጅ ደረሰኝ ካላቸው በዚያ ትቆርጫለሽ። ማሽኑ ራሱ ከተበላሸ የጥገና ማዕከሉ ይጠራል። ስልኩን ዛሬውኑ ጠይቀሽ ማሽኑ ጎን ላይ ለጥፊው።

ለልምምድ ብለሽ ግን ሽያጭ እንዳትመቺ። የተመታ ሁሉ ሽያጭ ነው፣ ግብር ይታሰብበታል። እሑድ ካለችው ካሸር ጎን ተቀመጪ። እሷ ስትመታ ቁልፎቹን ተከታተዪ፣ ወረቀት መቀየሩን አንቺ ሥሪላት። ማታ ስትዘጋ ደግሞ ብሩን አብረሻት ቁጠሪ። ሰኞ ማታ እንዴት እንደዋልሽ እዚሁ ጻፊልን።