5ኛ ክፍል፦ ንባቡም ሒሳቡም አብረው እየወደቁብኝ ነው

ሰላም መምህራን! ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ 5ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ብዙ ተማሪዎቼ አንቀጹን ያነባሉ፤ «ምን ይላል?» ስላቸው ግን ዝም ነው።

ይሄው ችግር ሒሳብ ላይም ይከተለኛል። 48ን ለ6 አካፍሉ ስል ይሠራሉ። «48 ኪሎ ገብስ በ6 ከረጢት እኩል ቢከፋፈል» ሲሆን መደመር ይጀምራሉ። ክፍልፋይማ ባሰ! 1/2 + 1/3 = 2/5 ብለው ይጽፋሉ፤ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት እየደመሩ። 2/5 ከግማሽ እንደሚያንስ እንጀራ ቆርሼ ሳሳያቸው ይገባቸዋል። ደብተር ላይ ግን ያው ነው። ሰነፎች እንዳይመስሏችሁ፤ በግ ሸጠው መልስ ሲቆጥሩ ማንም አያታልላቸውም።

ከትምህርት ሰዓት ውጭ ማጠናከሪያ ሞከርኩ። ከብት የሚጠብቁት፣ በጣም የሚያስፈልጋቸው እነሱ፣ ይቀራሉ። ስለዚህ በ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ውስጥ የሚሠራ ነገር ነው የምፈልገው።

ለደካማ አንባቢ የሚሆን አጭር ጽሑፍ ከየት ታገኛላችሁ? ወይስ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ? በንባብ ደረጃ ከፋፍላችሁ ያስተማራችሁስ፣ ጎበዞቹን ሥራ እንዳይፈቱ እንዴት ያዛችኋቸው? ፕሪንተር የለንም፤ ሰሌዳና ካርቶን ብቻ ነው ያለው። እባካችሁ ክፍላችሁ ውስጥ የሠራላችሁን ንገሩኝ።