የጓሮ ግቢያችንን ራሳችን ልናድስ ነው፣ ክረምት ሳይገባ ከምን እንጀምር?

የሰሚቷ (ጠያቂ)፣ ሚያዝያ 10

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሰሚት አካባቢ ነው የምንኖረው፣ ከቤቱ ኋላ 8 በ7 የሆነ ባዶ ቦታ አለን፣ 56 ካሬ መሆኑ ነው። ቤቱ ሲሰራ የተረፈው ሁሉ እዛው ነው የተጣለው፣ የብሎኬት ስባሪ፣ የደረቀ ሲሚንቶ፣ ሚስማር፣ ላስቲክ፣ በላዩ ሙጃ በቅሎበት አምስት ዓመት ሙሉ ዝም ብለነው ኖረናል። አምና ነሐሴ ላይ ግን ውሃው የኋላው ግድግዳ ስር ተኝቶ ሳምንት ሙሉ አልሄድ አለ፣ መኝታ ቤት ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ቀለሙ እየተላጠ ወደቀ፣ እማዬ ደሞ እግሯን ስለሚያማት እርጥበቱ ጭራሽ አልተስማማትም። ባለሙያ ቀጥረን ለማሰራት አቅማችን አልፈቀደም፣ ስለዚህ እኔና ወንድሜ ቅዳሜና እሁድ እየሰራን ልንጨርሰው ወስነናል፣ ዶማ አካፋና ባሬላ አለን።

የምንፈልገው ብዙ አይደለም። ለልጆቹ ትንሽ ሳር፣ ለጎመንና ለቆስጣ ሁለት ሶስት መደብ፣ ለእማዬ ጤና አዳምና ጌሾ፣ ከሆነም አንድ አቮካዶ። አፈሩ ጥቁር ነው፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል። አንዱ ጎረቤት አንድ ሲኖ ቀይ አፈር አስደፊበትና ተገላገዪ አለኝ፣ ሌላው ደሞ ሙሉውን ኮንክሪት ሙዪው አለ። የበረንዳው ከፍታ ከመሬቱ 20 ሳንቲ ነው። የቱ ይሻላል? ከምንስ እንጀምር?

ውሃ ልክ

እህቴ ሲኖውን እንዳታዢ። ቁጭ ብለሽ አስቢው፣ አንድ ሲኖ 16 ሜትር ኩብ ይጭናል፣ 56 ካሬ ላይ ስትበትኚው 28 ሳንቲ ይሆናል፣ በረንዳሽ 20 ነው ብለሻል፣ ግቢሽ ከቤትሽ በላይ ሆነ ማለት ነው። አፈር ከወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ዝቅ ማለት አለበት፣ ግድግዳ ላይ ከተደገፈ ብሎኬቱ ውሃ እየመጠጠ ወደ ላይ ያወጣዋል፣ አሁን የተላጠብሽም ቀለም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ኮንክሪቱም ቢሆን መሬቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ሳይታወቅ ከተሞላ ውሃውን ሰብስቦ ግድግዳሽ ላይ ነው የሚያመጣልሽ።

መጀመሪያ ለኪ። ውስጧ የሚታይ ቀጭን የፕላስቲክ ጎማ 10 ሜትር ግዢ፣ ውሃ ሙዪበት፣ ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይቀር አርጊ፣ አንዱን ጫፍ ግድግዳው ጋ ሌላውን አጥሩ ጋ በተተከለ እንጨት ላይ ያዙት፣ ውሃው የቆመበትን ሁለቱም ጋ ምልክት አድርጉና ከምልክቱ እስከ መሬት በሜትር ለኩ። በዛች ብቻ ግቢው ወዴት እንደሚያዘነብል ታውቂያለሽ። ከቤት ወደ ውጪ በየሜትሩ 2 ሳንቲ መውረድ አለበት፣ ላንቺ 7 ሜትር ከሆነ 14 ሳንቲ።

ሌላው የጣራው ውሃ የት ነው የሚወርደው? አሸንዳ አለው?

የሰሚቷ

አሸንዳ አለው ግን ቱቦው ግማሽ ላይ ተሰብሮ እዛው ጓሮ ነው የሚያፈሰው። አላሰብኩትም ነበር የምር። ቅዳሜ ለክተን እነግራችኋለሁ።

ብርሃኑ ከአየር ጤና

እኔ አፈሩ ላይ ነው የምመክርሽ። ጥቁር አፈር ላይ አሸዋ ቀላቅዪበት፣ ወዲያው ይላላል፣ አንድ አይሱዙ አሸዋ ካስገባሽ አለቀ።

የእነዋሪው

ወንድሜ ብርሃኑ ይቅርታ አርግልኝና አሸዋ አያዋጣም። መረሬ (እንዲህ ያለው የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር) ላይ ትንሽ አሸዋ ስትጨምርበት ሲደርቅ እንደ ጡብ ነው የሚሆነው፣ እንዲላላ ከተፈለገ ግማሽ በግማሽ የሚጠጋ ያስፈልጋል፣ ያን ያህል ደሞ ማን ይገዛል። መረሬን የሚያላላው ፍግና ቅጠል ነው፣ እሱም በአንድ ቀን አይደለም።

እኔ ሰሜን ሸዋ እነዋሪ ነው ያደግኩት፣ መሬታችን እንዳለ መረሬ ነው (ጎጃሞች ዋልካ ይሉታል)። እዛ ስንዴና ምስር ሲዘራ መሬቱ ታርሶ ዝም ተብሎ አይተውም፣ ቤተሰቡ በሙሉ ወጥቶ በእጁ አፈሩን ወደ ላይ እየሳበ ሰፋፊ መደብ ያወጣል፣ በመሃል በመሃሉ ቦይ ይከፍታል፣ ውሃው በቦዩ ይሄዳል፣ እህሉ ከፍ ብሎ ቁጭ ይላል። እናቴ በጣቶቿ አፈሩን ስትስብ ጥፍሯ ስር የሚገባው ጥቁር ጭቃ እስከ መስከረም አይለቅም ነበር። አንቺም ግቢሽን እንደዛ ነው ማሰብ ያለብሽ፣ አፈሩን ካልቀየርኩ ብለሽ አትድከሚ፣ መደቡን ከፍ ውሃውን ዝቅ።

የመደቡ ስፋት 1 ሜትር ከ20 ይሁን፣ ከሁለቱም ጎን እጅሽ መሃሉ ድረስ ይደርሳል፣ መርገጥ አያስፈልግሽም። ርዝመቱ 3 ሜትር ከፍታው 30 ሳንቲ ከሆነ አንዱ መደብ አንድ ሜትር ኩብ ትንሽ አለፍ ያለ አፈር ይፈልጋል፣ ሶስት መደብ ከሶስት ሜትር ኩብ ብዙም አይበልጥም። ግማሹ የራስሽ አፈር ግማሹ የተብላላ ፍግ። ትኩስ እበት እንዳታስገቢ፣ ስሩን ያቃጥለዋል፣ ቢያንስ ሶስት ወር የቆየ ይሁን፣ የዶሮ ኩስ ከሆነማ ከዛም የከረመ።

እትዬ አበባ

ልጄ፣ ዶማ ከመሰንዘርሽ በፊት የመብራቱ ገመድና የውሃው ቧንቧ በየት እንደሚያልፍ ቤቱን የሰራውን ሰው ጠይቂ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከኋላ ከሆነም እወቂው። እኛ ቤት ገመዱ አንድ ስንዝር ብቻ ነበር የተቀበረው፣ ልጄ በዶማ ሊነካው ለጥቂት ነው የተረፈው፣ እስካሁን ሳስበው ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ወፍራም ሶል ያለው ቦት ጫማ አርጉ፣ የወጋችሁ ሚስማር ካለ ሳትቆዩ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የቲታነስ መርፌ ተወጉ።

ለእናትሽ ጤና አዳም ደሞ ውሃ የተኛበት ስር አትትከዪው፣ በሶስት ቀን ነው የሚጠቁረው። ፀሐይ ያለበት የመደቡ ዳር ላይ፣ ጠጠር ያለበት አፈር ቢሆን ይወዳል። ጌሾው ግን አይታወቅሽም እንጂ ትልቅ ነው የሚሆነው፣ ጥግ ያዢለትና በየዓመቱ ግረዢው።

የሰሚቷ፣ ሚያዝያ 19

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ገመዱን ጠይቀን አግኝተነዋል፣ በጎን በኩል ነው የሚያልፈው፣ ጉድጓዱም ከፊት ለፊት ነው።

ለካን። ግቢው ወደ ቤቱ ነው የሚያዘነብለው! አጥሩ ጋ ያለው መሬት ግድግዳው ጋ ካለው በ9 ሳንቲ ከፍ ይላል። ወንድሜ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ አላምንም ብሎ። ፍርስራሹ የተከመረው በአጥሩ በኩል ስለሆነ ይመስለኛል። የመንገዱ ዲች (የውሃ መውረጃው) ያለው በፊት በር በኩል ነው፣ ከጓሮ በጎን ዞሮ እዛ ለመድረስ 15 ሜትር ይሆናል፣ ያ በኩል ዝቅ ይላል።

አፈሩንም እንደው ለማየት ብዬ አቼቶ ጠብ አደረግኩበት፣ አረፋ ደፈቀ። ምን ማለት ነው?

ውሃ ልክ

በጣም ጥሩ፣ አሁን ስራው ታወቀ። ፍርስራሹን ስታነሱት ግማሹ ችግር አብሮ ይነሳል። አጥሩ ጋ ዝቅ፣ ቤቱ ጋ ከፍ እስኪሆን ከዛ እየቆረጣችሁ መደቡን ሙሉበት፣ አፈር መግዛትም ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ከዛ ቤቱን ተከትሎ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሊሾ፣ ወደ ውጪ በደንብ የተዳፋ። ከሊሾው ጫፍ ቦይ ይነሳና በጎን ዞሮ ዲቹ ድረስ ይሄዳል። መነሻው ጋ 10 ሳንቲ ጥልቀት፣ በየሜትሩ 1 ሳንቲ እየወረደ 15 ሜትር ላይ 25 ሳንቲ ይደርሳል። ሲባጎ ወጥሩና ከሲባጎው እየለካችሁ ቆፍሩ፣ በዓይን አትመኑ። አንዳንዱ ሰው የተበሳ ቱቦ ቅበሩና ጠጠር ሙሉበት ይላችኋል፣ ሌላ አፈር ላይ ያምራል፣ መረሬ ላይ ግን ጭቃው ሁለት ክረምት ሳይሞላው ነው የሚደፍነው። ክፍት ቦይ በድንጋይ ሲደረደር ይሻላል፣ ሲደፈን በአካፋ ትጠርጊዋለሽ። ልጆቹ የሚያልፉበት ላይ የፌሮ ፍርግርግ ጣሉበት። የብሎኬቱና የድንጋዩ ስባሪም እዚህ ይጠቅማል፣ ለቦዩ መደልደያ አርጉት። የጎረቤት ግቢ ላይ ብቻ እንዳታፈሱት አደራ።

ለቤቱ ሲባል አቮካዶውን ከግድግዳ ቢያንስ 5 ሜትር አርቂው። መረሬ ሲረጥብ ያብጣል ሲደርቅ ይኮማተራል፣ የቤት ግድግዳ የሚሰነጥቀውም ይሄ ነው፣ ስር የሚስብ ዛፍና ውሃ የሚጠጣ መደብ መሰረት አጠገብ ሲሆን ይብሳል። ጎመኑንም ከሊሾው ራቅ አርጊው።

ሰናይት የችግኝ

ችግኝ ማፍላት ስራዬ ነው፣ የአቼቶውን እኔ ልመልስልሽ። አረፋው አፈሩ ውስጥ ኖራ አለ ማለት ነው፣ ከፍርስራሹ የገባ የሲሚንቶና የኖራ ብናኝ ይመስለኛል። እንደዚህ አይነት አፈር ላይ የተተከለ ነገር ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል፣ ሰው ውሃ ጠምቶት ይመስለውና ያጠጣዋል፣ እሱ ግን ብረት ነው ያጣው፣ አፈሩ ውስጥ ብረት ቢኖርም ኖራው ይይዝበታል። ፍርስራሹን በወንፊት ለቅማችሁ አውጡት፣ ከላይ ያለውን ነጣ ያለውን 10 ሳንቲ የሚሆን ቅረፉት፣ መደብ ውስጥ አታስገቡት። ከስሩ ያለውን ደግመሽ በአቼቶ ሞክሪው።

አቮካዶውን በተመለከተ ከፍሬ የበቀለ አትግዢ፣ ስንት ዓመት ነው የምትጠብቂው፣ ምናልባት ሰባት ምናልባት አስር። የተዳቀለውን (ሌላ ግንድ ላይ ተገጥሞ ያደገውን) ግዢ፣ በሶስት በአራት ዓመት ያፈራል፣ ግንዱ ላይ የተገጠመበት ቋጠሮ ይታያል፣ እሱን አፈር ውስጥ እንዳትቀብሪው። አቮካዶ ደሞ የቆመ ውሃ ይገድለዋል፣ ስሩ ይበሰብሳል፣ ስለዚህ ጉድጓድ ቆፍረሽ አትክተቺው፣ እንደ ጉብታ አርገሽ 40 ሳንቲ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ትከዪው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት ህዳርና ታህሳስ ላይ ማታ ማታ ሸፍኚው፣ ውርጩ ለጋውን ነው የሚያቃጥለው።

ሳሩ ኪኩዩ ወይ ሰርዶ ነው። ኪኩዩ ለልጆች ሩጫ የሚችል ጠንካራ ነው ግን መደብሽን ይወርራል፣ ዙሪያውን 20 ሳንቲ የተቀበረ ብሎኬት ወይም ድንጋይ ካላረግሽ ጎመንሽን ከሳር ውስጥ ነው የምትፈልጊው። የተዘጋጀ ሳር በካሬ መግዛት አያስፈልግም፣ ስር ያለውን ቁራጭ በየ20 ሳንቲ ሰኔ ላይ ትከዪ፣ ክረምቱ ራሱ ይሸፍንልሻል። ጥላ ስር ግን ሁለቱም አይሆኑልሽም።

ሐረጓ

ስለ ጣራው ውሃ ማንም አልቀጠለም እኮ። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ጣራ ላይ አንድ ሊትር ነው። በጓሮ በኩል ያለው ጣራ 60 ካሬ ቢሆን፣ 20 ሚሊሜትር የዘነበ ቀን 1,200 ሊትር አንድ ቦታ ላይ ይደፋል፣ እሱ ነው ሳምንት ሙሉ የተኛባችሁ። ቱቦውን ጠግናችሁ ወደ ሮቶ አስገቡት፣ የተረፈውን ደሞ ከሮቶው አናት በቱቦ ቦዩ ውስጥ ልቀቁት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጥቅምት ላይ ጎመን በራስሽ ውሃ ማጠጣት ቀላል ነገር አይደለም። መቀመጫው ጠንካራ ይሁን፣ የ2,000 ሊትሩ ሲሞላ ሁለት ቶን ነው።

የሰሚቷ፣ ሐምሌ 6

ተመለስኩ፣ ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆረቁረኝ ነበር። ስምንት ቅዳሜና እሁድ ፈጀብን። ፍርስራሹን ስናወጣ ከስሩ ያገኘነው ጥቁር አፈር አቼቶው አረፋ አላወጣም፣ ሶስቱን መደብ በሱና በፍግ ሞላናቸው፣ አንድም አካፋ አፈር አልገዛንም። ሊሾውን ብቻ አንድ ግንበኛ ለአንድ ቀን አሰራን፣ ቦዩን ወንድሜ ነው የደረደረው።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት ያን ሁሉ ዝናብ ሲጥል እማዬ ወንበር አውጥታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ቦዩን ስታይ ነበር። ውሃው ቡናማ ሆኖ መጣ፣ ድንጋዩ ላይ እየተንከባለለ በጎን ዞሮ ወጣ፣ ዝናቡ ባባራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግድግዳው ስር ጠብታ የለም። እማዬ ዝም ብላ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፣ እኔም እንባዬ መጣ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረን፣ ቦዩ የሚታጠፍበት ጥግ ላይ ውሃው ይገነፍልና ሳሩን ይቦረቡራል። ምን እናርግ?

ውሃ ልክ

እሰይ! ለእናትሽ እንኳን ደስ ያለሽ በይልኝ። የመታጠፊያው ጥግ ቀጥ ብሎ ከሆነ ነው የሚገነፍለው፣ ከርቭ አርጉት፣ የውጪውን ጎን ድንጋይ ከሌላው 10 ሳንቲ ከፍ አርጋችሁ በሲሚንቶ ያዙት። ከመታጠፊያው አለፍ ብላችሁ ትንሽ ፖዞ (የጭቃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ) ቆፍሩ፣ 40 በ40፣ ጭቃው እዛ ይረጋል፣ በየሳምንቱ አውጡት።

እትዬ አበባ

ጥጉ ላይ ከውጪ በኩል ጠጅ ሳር ትከዪበት ልጄ፣ አፈሩን ይይዘዋል፣ ለሻይም ይሆናችኋል። ከኔ ግቢ ነቅዬ ልሰጥሽ እችላለሁ፣ ሲኤምሲ ነኝ፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ቤት አለሁ።

የሰሚቷ

እሺ እትዬ፣ እሁድ ከወንድሜ ጋ እንመጣለን። የእማዬ ጤና አዳም ሁለት ቅርንጫፍ ተርፎታል፣ እሱን ይዤ እመጣለሁ።