ሁለት ቅጂው የማይመሳሰል መጽሐፍ እንዴት ይታተማል?

ፎቶኮፒ ቤቱ (ጅማ)
ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ የፎቶ ኮፒና የጥረዛ ሥራ ነው የምሠራው። ትናንት አንድ ተማሪ ስለ ጣሊያናዊው ገጣሚ ናኒ ባለስትሪኒ የተጻፈ ነገር ሊያስባዛ መጣ። «ትሪስታኖ» የሚባለው ልቦለዱ እያንዳንዱ ቅጂ ለየቅል ነው ይላል። እኔ ባለፈው ሰኔ የአንዲት ተመራቂ ጥናት ስጠርዝ ምዕራፍ 3ን ከ2 አስቀድሜ፣ ልጅቷ ልታለቅስ ደርሳ፣ አምስቱንም ቅጂ በራሴ ወረቀት ደግሜ አወጣሁ። ሰውየው ይኸንኑ አድርጎ ነው ገጣሚ የተባለው? በምን ማሽንስ?

ኮድ ጸሐፊው
ወንድሜ፣ በኦፍሴት አይሆንም፤ ፕሌቱ (ገጹ የሚቀረጽበት የማተሚያ ሰሌዳ) አንዴ ከተሠራ ሺውም አንድ ነው። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲወጣ እንደማንኛውም መጽሐፍ የታተመው። ሐሳቡ የሞላለት በ2007 በዲጂታል ማተሚያ ነው፤ ያንተው ማሽን ታላቅ ወንድም በለው። አሥር ምዕራፍ አለው፤ በየምዕራፉ ያሉት አንቀጾች ለእያንዳንዱ ቅጂ እንደ ካርታ ይበወዛሉ። ሊወጣ የሚችለው ዓይነት ከ109 ትሪሊዮን ይበልጣል። ደግሞ ገና በ1961 ሚላን ውስጥ፣ በአንድ ባንክ አይቢኤም 7070 ኮምፒውተር ግጥም አሠርቷል። ከሂሮሺማ ሐኪም ማስታወሻ፣ ከጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ ከላኦ ትዙና ከሌላ አንድ ጽሑፍ ቁርጥራጭ ሰጠው፣ ማሽኑ ገጣጠመው።

የቅኔ ቤት ልጅ
እኔን አልጣመኝም። ቅኔ ቆጥሬያለሁ፤ ሰሙን ሲነኩት ወርቁ ይነቃነቃል። ማሽን ለበወዘው ወርቁን ማን ቀበረው?

ጡረተኛው መምህር
ልጆቼ፣ መቀስ ብቻ የያዘ ሰው አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በ1969 ቱሪን ላይ የፊያት ሠራተኛ ሲያምፅ፣ ከደቡብ የመጣ አንድ ወዛደር የተናገረውን በቴፕ ቀድቶ በ1971 ልቦለድ አደረገው። በ1979 የእስር ትእዛዝ ሲወጣበት በበረዶ መንሸራተቻ አልፕስን አቋርጦ ፈረንሳይ ገባ። ኋላ ነፃ ተባለ፤ በ2019 ሮም ውስጥ አረፈ። የሚገርመው ሚላን የተወለደው በሐምሌ 1935 ነው፤ የሙሶሊኒ ጦር መረብን ሊሻገር ሦስት ወር ሲቀረው።

ፎቶኮፒ ቤቱ (ጅማ)
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ማታ ከመዝጋቴ በፊት በሬ ላይ ከተለጠፉት ማስታወቂያዎች አንድ አንድ ቅጂ አውጥቼ በመቀስ ቆራረጥኩና ቡና ስኒ ውስጥ በወዝኳቸው። የወጣው ይኸው፦

ነገ ጉርድ ፎቶ የለም
ዱቤ ባለ ቀለም
ዛሬ ላሚኔሽን ይመለሱ

አብራኝ የምትሠራው ልጅ «የመጀመሪያውን ሁለት መስመር በሩ ላይ ለጥፈው» አለችኝ። የቅኔ ቤቱ ልጅ፣ ቤት መምታቱን ልብ በልልኝ፤ እኔ አልነካሁትም።