ቁጥብ ልጅ ነው ሲባል ሙገሳ ነው ወይስ ነቀፋ?

ሚሚ ዘሜሪላንድ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አክስቴ ከባህር ዳር ደውላ ስለ አንድ ልጅ ስታወራልኝ «በጣም ቁጥብ ልጅ ነው» አለችኝ፣ እኔ ደግሞ ያደግኩት እዚህ አሜሪካ ስለሆነ ቁጠባ የምትለዋን የማውቃት ከባንክ ጋር ነው እና ስስታም ነው ማለቷ መስሎኝ ሳቅኩ፣ እሷ ለካ እያሞገሰችው ነበር መሰለኝ። ደግሞ ሥራ ቦታ ዲሲፕሊን ያለው የምንለውን ሰው ቁጥብ ማለት ይቻላል? አስረዱኝ እስቲ

የቀበና ልጅ፦
ሃሃሃ ኧረ ሙገሳ ነው እህቴ። ብሩን የሚያስቀምጠው ቆጣቢ ነው፣ ሳንቲም ከእጁ የማትወጣው ደግሞ ቋጣሪ። ቁጥብ ግን ራሱን ነው የሚቆጥበው፣ ምላሱን በለው ሆዱን በለው። ሰርግ ቤት ጠላ አንዴ ጠጥቶ ሊደግሙለት ሲመጡ ብርጭቆውን በመዳፉ ክድን የሚያደርግ፣ ሰው ሲታማ ቁጭ ብሎ እየሰማ አንዲት ቃል ጣል የማያደርግ፣ በቃ እሱ ነው። ዜና ላይ «ከግጭት እንዲቆጠቡ ተጠየቀ» ሲሉ ትሰሚ የለ፣ ያችው ናት

ጋሽ መምህሩ፦
ልክ ነው፣ ዲሲፕሊኑ ላይ ግን አልስማማም። ቁጥብ የሚነግርሽ ሰውየው የሚተወውን እንጂ የሚሰራውን አይደለም፣ በየቀኑ አርፍዶ የሚገባ ቁጥብ ሰው ሞልቷል። ሥራውን በሰዓቱ ጥንቅቅ አርጎ ለሚጨርሰው ሥራ አክባሪ ነው የምንለው፣ የታዘዘውን ቀጥ ብሎ የሚፈፅም ከሆነ ደግሞ ቆፍጣና፣ ቆፍጣና ወታደር እንደሚባለው። ንዴቱንም ፍላጎቱንም የሚቆጣጠር ለማለት ራሱን የሚገዛ ትያለሽ፣ መፅሐፍ ቅዱስ ገላትያ 5 ላይ የመንፈስን ፍሬ ሲዘረዝር መጨረሻ ላይ ያለው ራስን መግዛት ነው (ከሱቅ መግዛት እንዳይመስልሽ ታዲያ፣ ንጉሥ አገር ገዛ የምንለው መግዛት ነው)

ፀደይ፦
እኔ እንኳ ሁሌ ሙገሳ ነው አልልም። «ቁጥብ ነው ግን...» ካሉሽ ጨዋታ የለውም፣ ሆዱ አይገኝም ሊሉሽ ነው። ጭምት ደግሞ ሌላ ነው፣ ጭምት ተፈጥሮው ነው ዝም ማለት፣ ቁጥብ መናገር እየቻለ ነው የሚተወው። ድምጿ እንዴት ነበር?

ሚሚ ዘሜሪላንድ፦
«ግን» አላለችም 😂 ስልኩንም ልካልኛለች

የቀበና ልጅ፦
እንግዲያው ቀድመሽ ደውይ፣ ቁጥብ ከሆነ እሱ አይደውልም