እናቴን መጦሪያ ከማስገባቴ በፊት ምን ምን ልይ?

የቢቸናዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። እናቴ ከእኔ ጋር ቢቸና ናት ያለችው፣ ሀኪም የመርሳት በሽታ ነው፣ ዲሜንሺያ ብሎናል። ቀን ቀን ምንም አትል፣ እንዝርቷን ይዛ ቁጭ ካለች ክር አይበጠስባትም፣ እኔን ግን በሞተችው እህቷ ስም ነው የምትጠራኝ። ጉዱ ሌሊት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ተነስታ ነጠላዋን አጣፍታ ጥጆቹ አልገቡም እያለች ከበሩ ጋ ትታገላለች፣ ጥጆቹ ከተሸጡ እኮ ስንት ዘመናቸው። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ጠዋት ክፍል ገብቼ ቆሜ ነው የማንቀላፋው። ሰራተኛም አልበረከተልኝ፣ የመጨረሻዋ አሮጊቷ ሌባ አለችኝ ብላ ጥላን ሄደች። ውጭ ያለው ወንድሜ አዲስ አበባ በወር የሚከፈልበት መጦሪያ አግኝቻለሁ፣ እከፍላለሁ እዛ ትግባ ብሎ ፎቶ ልኮልኛል፣ ሳሎኑ ሆቴል ነው የሚመስለው። ሆዴ አልቆረጠም፣ አቅሜም አልቋል። የምታውቁ ካላችሁ ምን ብዬ ልጠይቃቸው? ደህና ቦታ መሆኑንስ በምን ልወቅ?

አባይ ማዶ፦
ምነው እህቴ፣ የጎጃም ሰው እናቱን ለሰው መስጠት ከመቼ ወዲህ ነው የጀመረው። ደግሞ ሰው ሲሸመግል መርሳቱ ያለ ነው። መጀመሪያ ጸበል ውሰጂያቸው። ከጠፋ ከጠፋ መቄዶንያ አለ አይደል እንዴ?

የፍኖተ ሰላም ልጅ፦
አባይ ማዶ ተው እንጂ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት መጥተህ በር ትይዝላታለህ? መቄዶንያም ጧሪ የሌላቸውን፣ ጎዳና የወደቁትን ነው የሚያነሳው፣ ልጅ እያላቸው የነሱን አልጋ መሻማት ነውር ነው።

እህቴ እኔ አባቴን አስገብቼ ስላየሁት ልንገርሽ፣ የቦታውን ስም አልጠራም። ደውለን ስንሄድ ነጭ ጋቢ ለብሶ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ እናገኘዋለን፣ እሰይ ብለን እንመለሳለን። አንድ ቀን ሳልደውል በምሳ ሰዓት ደረስኩ። ወገቡን በነጠላ ከወንበሩ ጋር አስረውታል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል፣ እንጀራው ፊቱ ቀርቦ ዳር ዳሩ ደርቋል፣ ማንም አላጎረሰውም። ምንድነው ስል እንዳይወድቁ ብለን ነው አሉኝ። የሚሰጡትን ክኒን ስጠይቅ ማረጋጊያ ነው አሉ፣ ማን እንዳዘዘው የሚያውቅ ግን ጠፋ። በነጋታው አወጣሁት። ስለዚህ ሳሎኑን ተይውና ሳትናገሪ በምግብ ሰዓት ሂጂ፣ ከቻልሽ ማታም ሂጂ። ማታ ስንት አስታማሚ ለስንት ሰው እንደሚያድር ጠይቂ፣ ዘበኛውን እንዳይቆጥሩልሽ ደግሞ። ሽንት ቤቱንም እይው፣ መያዣ ብረት አለው ወይ፣ ወለሉ ያንሸራትታል ወይ።

ሲስተር ከባህር ዳር፦
የፍኖተ ሰላም ልጅ ያለው እውነት ነው፣ እኔም የምፈራው ማሰርና በመድኃኒት ማስተኛትን ነው። የታሰረ ሰው እግሩ ይዝላል፣ ጀርባው ይቆስላል፣ ልፈታ ሲል ደግሞ ይባስ ይወድቃል። እነ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን የሚባሉት የአእምሮ ማረጋጊያ መድኃኒቶች ዲሜንሺያ ላለባቸው አረጋውያን የሞት አደጋ ይጨምራሉ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በፈረንጆቹ 2005 ለአዳዲሶቹ፣ በ2008 ደግሞ ለነዚህ ለድሮዎቹ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በጭራሽ አይሰጡም ማለቴ አይደለም፣ ሀኪም አይቶ በትንሽ መጠን ለአጭር ጊዜ ሊያዝ ይችላል። ጩኸት በዛ ተብሎ ማታ ማታ ለሁሉም የሚታደል ከሆነ ግን ውጪ ከዛ ቤት። ብዙ ጊዜ የሚያስጮኻቸው ህመም ነው፣ ድርቀት ነው፣ የሽንት ኢንፌክሽን ነው፣ መናገር ስለማይችሉ ነው የሚረብሹት።

እኔ ብሆን የምጠይቃቸው፣ መጨረሻ የወደቀው ሰው መቼ ነው የወደቀው፣ ለቤተሰብ በስንት ሰዓት ደወላችሁ? እኛ ጋ ወድቆ የሚያውቅ የለም ካሉሽ እየዋሹሽ ነው። ከአልጋ የማይነሱትን በሁለት ሁለት ሰዓት ያገላብጣሉ ወይ፣ ሲያጎርሱ ቀና አድርገው ነው ወይስ አስተኝተው (ምግብ ወደ ሳንባ ይገባል)፣ ሌሊት እሳት ቢነሳ የበሩ ቁልፍ ማን ጋ ነው።

ግን እህቴ ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ሀኪሙ ደም አይቷል? ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ሆርሞንና ቫይታሚን ቢ12 ይታይ፣ እኛ አገር እንቅርት ብዙ ነው፣ ታይሮይድ ሲያንስ ሰው ይረሳል ይፈዛል፣ ይታከማል ደግሞ። ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመተው ከሆነም ይነገር፣ ደም ቀስ ብሎ ሊቋጠር ይችላል። ለእንቅልፍ አሚትሪፕቲሊን እየወሰዱ ከሆነ እሱም ያስረሳል፣ ዝም ብለሽ እንዳታቋርጪው ብቻ፣ ለሀኪም ንገሪ። አባይ ማዶ፣ ጸበሉ ይሁን፣ መድኃኒቱ ግን አይቁም። ጾም ነው ብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምሱ ከሆነም የንስሐ አባታቸው ይምከሯቸው፣ ውሃ ጥም ብቻውን ያቃዣቸዋል።

የቢቸናዋ፦
ሲስተር እግዜር ይስጥሽ። ደም የሚባል አልተወሰደላትም፣ ሦስት ጥያቄ ጠይቆ ነው የላከን። አሚትሪፕቲሊኑን ደግሞ እንዴት አወቅሽ? ማታ ማታ እሱን ነው የምትውጠው። ወንድሜ ያገኘው ቦታ ጋ ደውዬ ነበር፣ ጉብኝት እሁድ ከሰዓት ብቻ ነው፣ ማታ ክልክል ነው አሉኝ።

የፍኖተ ሰላም ልጅ፦
እሱን ቦታ ሰርዢው። መንገዱስ ቢዘጋ በምን ትደርሺላታለሽ። ወንድምሽ በወር ሊከፍል ያሰበውን ለሁለት ሴቶች ያድርገው፣ አንዷ ሌሊት ብቻ የምታድር፣ ቀን ተኝታ የምትውል። ሌባ ማለታቸው በሽታው እንደሆነም ሲቀጠሩ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ እኛ ቤት ሰራተኛ የበረከተችው ይህን ካወቀች በኋላ ነው።

አባይ ማዶ፦
መድኃኒቱ እንዲህ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። እኔም ደብረ ማርቆስ ዘመድ አለኝ፣ ለደም ምርመራው ስትመጡ ማረፊያ ካስፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።