አስቸኳይ! 19 ሰው ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ

ሰብሳቢው፦ ሰላም ወገኖች፣ ቶሎ መልሱልኝ። ከደብሊን 19 ሰው ይዤ የመቃብሩ ጎብኚዎች ማዕከል ደርሻለሁ። አስጎብኚ ድርጅቱ "ሁሉም ተካቷል" ብሎን ነበር። አሁን ቲኬታችሁ የኤግዚቢሽኑ ብቻ ነው፣ የውስጡ አልቋል ተባልን። አስጎብኚያችን ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይንጎራደዳል። ሁለቱ እናቶች ለዚህ ብለው ከሊመሪክ ነው የመጡት። 5 ሰዓት ሆኗል። ምን ላድርግ?

የኮርኩ፦ የቱ መቃብር? አየርላንድ እኮ በየኮረብታው መቃብር ነው።

ሰብሳቢው፦ ኒውግሬንጅ ነዋ!

ተማሪው፦ 5 ሰዓት በሀበሻ ወይስ በፈረንጅ? በፈረንጅ ከሆነ በቃ ወደ ቤታችሁ።

ሰብሳቢው፦ በሀበሻ። ቀልዱ ይቆየን።

አንጋፋው፦ ልጄ፣ መጀመሪያ የቆምክበትን እወቅ። ኒውግሬንጅ 5,200 ዓመት ገደማ ሆኖታል። የጊዛን ፒራሚዶች ይቀድማል። በታኅሣሥ፣ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ሰሞን፣ የማለዳ ፀሐይ ከበሩ በላይ ባለችው ቀዳዳ ትገባና 17 ደቂቃ ያህል የውስጡን ክፍል ታበራለች። መቃብሩን የቆፈሩት አርኪዮሎጂስት ፕሮፌሰር ኦኬሊ ይህን በ1967 እ.ኤ.አ. በዓይናቸው አይተዋል። የቲኬቱን ነገር የሚያውቅ ይመልስልህ።

ነርሷ፦ ቲኬት መቁረጫው ጋ ሄዳችሁ፣ ቲኬት ይዞ ሳይመጣ የቀረ ሰው ካለ ጠይቁ። ሹፌሩ "በጓሮ አውቃለሁ" ቢላችሁ እንዳትሰሙት። መቃብሩ ጋ የሚኬደው ከማዕከሉ በሚነሳው በእነሱ አውቶቡስ ብቻ ነው።

የኮርኩ፦ ቲኬት መቁረጫው ጋ ጠይቁ። የቀረ ሰው አይጠፋም።

ተማሪው፦ አሁን ተባለ እኮ።

ታላቅ እህት፦ ቆይ፣ ውስጥ መግባት የግድ ነው? መተላለፊያው 19 ሜትር ነው፣ ጠባብ ነው፣ ጎንበስ እያሉ ነው የሚሄዱት። እማዬን ይዤ ሄጄ ነጠላዋ ድንጋዩ ላይ ተያዘባት። መሃል ላይ "መልሱኝ" አለች። ከኋላዋ ሰልፍ፣ ከፊቷ ሰልፍ! ማዕከሉ ውስጥ ክፍሉን አስመስለው የሠሩት አለ፣ እሱን አሳያቸው።

ሰብሳቢው፦ የከፈልነው ለእውነተኛው ነው። ደረሰኙ ላይ "ኒውግሬንጅ" ይላል።

ታላቅ እህት፦ "ኒውግሬንጅ" ይላል ወይስ "የኒውግሬንጅ ውስጥ"? ይለያያል እኮ። ደረሰኙን ፎቶ አንሥተህ ያዝ፣ ጭቅጭቁን ስትመለሱ ታደርሱታላችሁ።

ተማሪው፦ ታራ ኮረብታ ላይ እውነተኛው ንጉሥ ሲነካው ይጮኻል የሚባል ድንጋይ አለ። አስጎብኚውን አስነኩት። ድንጋዩ ዝም ካለ ገንዘባችሁን ይመልስ።

የድሮጌዳው፦ ጊዜያችሁን አትግደሉ፣ ሞናስተርቦይስ ውሰዳቸው። የድሮ ገዳም ፍርስራሽ ነው፣ ከድሮጌዳ ከተማ በስተሰሜን፣ መግቢያው በነፃ። እዚያ ያለው የሙይረዳክ የድንጋይ መስቀል ከ5 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ከ1,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። አዳምና ሔዋን፣ ቃየንና አቤል ተቀርጸውበታል። በምሥራቅ ፊቱ ቅዱስ ሚካኤል ነፍስ ሲመዝን፣ ሰይጣን ከሥር ተጋድሞ ሚዛኑን ሲጎትት ታያላችሁ። እናቶች አስጎብኚ አያስፈልጋቸውም፣ ራሳቸው ያስረዱሃል። ግርጌው ላይ ሁለት ድመቶች አሉ፣ ልጆች ካሉ እነሱን አስፈልጋቸው። ብቻ ከማዕከሉ ሳትወጡ ሁሉም ሽንት ቤት ይግባ።

ሰብሳቢው፦ ቆይ አንዴ፣ ከቲኬት መቁረጫው እየጠሩን ነው።

የኮርኩ፦ እሺስ? ገባችሁ?

ታላቅ እህት፦ እናቶቹስ?

የኮርኩ፦ ኧረ ሰውየው!